የሦስት ዓመት ዋስትና

ሐሙስ ነበር፣ ከፍራሽ ፋብሪካው ስወጣ ከጠዋት ሥራ፣
ኤልዳድን ፌርማታው ላይ አገኘሁት፣ ከትምህርት ቤት ቦርሳው ጋራ።
«እናት እንግዛ» አለኝ።
«የምን እናት ልጄ?»
ሳቀና ያዘኝ በእጄ፤
«ማዘርቦርድ ነዋ እማ፤ እዚህ ሉዋኽ ኤም ነው የምትባለው፣
የእናት ሰሌዳ፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚተከለው።»

ፕሮሰሰሩን ገዝቶታል፣ ቀድሞ፣ ማንንም ሳያማክር፣
ኦፋቂም ሄዶ፣ በቅርቡ ከተሰናበተ ወታደር፤
በጥጥ ጠቅልሎ ይዞታል፣ በሻይ ቆርቆሮ፣ እንደ ወርቅ ጥርስ፤
አሁን ሶኬቷ የሚገጥም እናት ፍለጋ ይዞራል ሲያስስ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤
የኔም ነገር እንዲያው ነው፣ ልጅ ተወልዶ አልቆ እናት ተፈለገች።
«ከአራት መቶ ሃያ ሼቄል አንድ አጎራ አላልፍም» ብሎ ምሏል፣
ግራፊክስ ካርዱ የአምና በጋ ደሞዙን ከወዲሁ በልቷል።

ከኪርያት መላኪ ወደ ቤር ሼቫ ወረድን፤ ሐምሲን ነው፣ አየሩ ዱቄት፣
አንድ ሰው በጣቱ ስሙን ጽፏል በአውቶቡሱ መስታወት።
«እናት ያሏት ስለምን ነው?»
«ሁሉም እሷ ላይ ይሰካል፤ ራሷ ግን አትጫወትም፤ ለዚያ ነው።»
ዝም አልኩ። እስከ ኪርያት ጋት መስኮቱን አየሁ።
«አባትስ አለው?» አልኩት ቆይቼ።
«የለውም» አለ። ሌላ አልጠየቅሁ።

የግሪሻ ሱቅ ከድሮው ገበያ ጀርባ ነው፣ ከቁልፍ ቀራጩ ጎን፣
ሦስት ሰው ከገባ፣ አራተኛው ውጭ ነው የሚሆን።
ሦስት እናት ዘረጋ፣ ባንኮኒው ላይ ደርድሮ፣
እንደ ጨርቅ ነጋዴ፣ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠርጥሮ።
አንዷ ሦስት መቶ አሥር፤ ቀጭን ናት፣ የራም ማስገቢያዋ ሁለት።
አንዷ አራት መቶ አርባ፤ ጥቁር፣ ዝምተኛ፣ ጌጥ የሌላት።
የሰባት መቶ ዘጠናዋ ግን ዳር ዳሯ ቀይ፣ ሐምራዊ ያበራል፣
ልጄ አፉን ከፍቶ፣ ሠርግ ድንኳን በር ላይ እንደቆመ ሕፃን ያያል።

«መብራቱ ምን ይሠራል?» አልኩ።
«ያበራል» አለ ግሪሻ።
«ጨዋታው ይፈጥናል?»
«የለም፤ ያው መብራት ነው እስከ መጨረሻ።»

እኔ የማውቀው ስፌት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት መርፌ ገፍቻለሁ፤
የልብስ ፊቱ ይዋሻል፤ ግልባጩን ሳላይ መች ገዝቼ አውቃለሁ?
ሦስቱንም ገለበጥኳቸው።
«በጠርዟ! በጠርዟ ያዢ!» አለ ግሪሻ ደንግጦ፤
መስመሩ ክር ነው፣ ብየዳው ቋጠሮ፣ አንድ በአንድ ተቀምጦ።
የርካሿ፣ ኃይል የሚገባበት ጎኗ ባዶ፣ ራቁት፤
መካከለኛዋ እዚያው ላይ የብረት ኮት ደርባለች፣ ለትኩሳት።
«ነሐሴ ሲመጣ፣ በቤታችን ሙቀት፣ ይቺ ትታመማለች»
አልኩና ርካሿን መለስኩ። ግሪሻ ልጁን አየው፤ «እናትህ ታውቃለች።»

«ፕሮሰሰሩ ከእሷ ወዲህ የወጣ ነው፤ ታውቀዋለች?» አለ ኤልዳድ በጥርጣሬ።
«ባዮሷን አድሼ እሰጥሃለሁ፤ ሻይ እስኪፈላ፣ አሁን፣ ዛሬ።»
የጎደለችውን ሃያ ከቦርሳዬ፣ በሳንቲም፣ ቆጠርኩ፤
«ምለህ አልነበር?» አልኩት። «አንቺ አልማልሽም» አለኝ። ሳቅኩ።

ሌሊቱን በመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ሠራን፣ ጨርቁን ሁሉ አንስቼ፤
አንድ ብሎን ጠፋ፤ ጮኸብኝ፣ ቢያየኝ የመርፌ ማግኔቴን አውጥቼ።
ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጨለማ።
ወንበሩ ላይ ተልፈሰፈሰ፤ «አቃጠልናት እማ።»
«አጥፋው እስቲ።» ራሙን አየሁት፤ አንድ ጎኑ ያልተቆለፈ ቁልፍ ነው፤
በሁለት አውራ ጣት፣ ቀሚስ እንደምዘጋ፣ ጫን አልኩት። ቀጭ አለ። ይኸው ነው።

አሁን ጆሮውን ሸፍኖ፣ ከአንድ የማያውቀው የሃይፋ ልጅ ጋር ይጣላል፤
ሁለቱ ማስገቢያዎቿ ባዶ ናቸው፤ «ገንዘብ ሲገኝ» ብሏል።
ደረሰኙን አጥፌ ከመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤
«እናት ሰሌዳ፣ ዋስትና ሦስት ዓመት» ይላል።
ከዚያ በኋላስ?
ግሪሻን ልጠይቀው ብዬ ነበር፣
አውቶቡሱ መጣና ተውኩት።