ተነሺ

ፒያሳ ነው ቤቴ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ ጀርባ፤
ፀሐይም በቀትር አስፈቅዳ ነው የምትገባ።
ጠረጴዛዬ ላይ ምላጭ፣ የጆንያ መርፌ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣
ሎሚ፣ ጨው፣ ቀይ ክር፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፦
በአንዱ ሻይ፣ በአንዱ በረኪና።
ሁለቴ ተሳስቼ ልጎነጨው ነበርና
መርዙን ክር አስሬበታለሁ።

ፎቶዎቹን ያገኘኋቸው በጆንያ ነው።
የጋሽ አጥናፍሰገድ ፎቶ ቤት ሊፈርስ፣
የዶዘሩ ሹፌር ዳቦውን በልቶ እስኪጨርስ
ልጃቸው ተሸክሞ አወጣልኝ፦
«ባለቤት ያልመጣላቸው ናቸው፤
ቀብድ ከፍለው የቀሩ። ውሰዳቸው።»

ስንት ዓመት ሙሉ ቀብድ ብቻ የተከፈለበት ፊት!
ሙሽራ፣ ምሩቅ፣ ምልምል ወታደር፣
በቀለም ከተሳለ ፏፏቴ ሥር ቆሞ የሚኮራ ጎረምሳ፣
ሽቦ የሌለው ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ
ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ የምትስቅ ልጅ፣
ደግሞ ጉርድ፣ ጉርድ፣ ጉርድ፣
ለመታወቂያ ታጥቦ ለመታወቂያ ያልደረሰ።

ጋሽ አጥናፍሰገድ ዕድሜያቸውን ሲያሳምሩ ኖሩ፤
በሹል እርሳስ የፈንጣጣ ጠባሳ ሲደፍኑ፣ ሽበት ሲያጠቁሩ፣
የሞተ ባል አምጥተው ከሚስቱ ጎን ሲያቆሙ።
እኔ ያንን ሥራ ከጫፉ ይዤ እተረትረዋለሁ፤
እፍቃለሁ፣ እነክራለሁ፣ እወጋለሁ።
ሙሽራዋን ትቼ ቬሏን ለጨው አበላለሁ፤
ወታደሩን ከነቆቡ ከነቁልፉ አቆይና
ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ በረኪና፤
ያ ጥቁር ሲቦካ፣ ቡኒ ሆኖ ቢጫ ሲመጣ፣
ነጩ ከሥር እንደ ጥርስ ሲወጣ
ትንፋሼን እይዛለሁ።

«ምን አድርገውህ ነው የምታበላሻቸው?» ይሉኛል።
«ዶዘሩን ጠይቁት» እላለሁ፤
እውነት ስለሆነ አይደለም፣ አባባሉ ስለሚጥመኝ።

ቋንቋችን ግን ጉድ ነው፦ ሰው ፎቶ «ተነሣሁ» ይላል፣
ሰፈሩ ሲፈርስበትም ያንኑ ሰው «ተነሺ» ይሉታል።
የኔ ጆንያ ሰዎች ሁለቴ ተነሥተዋል።

ኅዳር ላይ አርባ ያህሉን በልብስ መቆንጠጫ ሰቅዬ
በሩን ከፈትኩ። ዘመድ መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ።
ማምሻውን እትዬ የሻሽወርቅ የሚባሉ ሴት ገቡ፣
ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው።
ስታዲየም ደጃፍ የተደረደሩ አምስት ጎረምሶች ፊት ቆሙ፤
የአምስቱንም ዓይን በመርፌ የበሳሁት እኔ ነኝ፣
ላብ አጠመቀኝ።
«ዘመድዎ... አለበት?»
«የለበትም። የቸኮለ እጅ ነው» አሉ፣
«የሚያሳድድህ ሳይኖር።»

ከቦርሳቸው ዳዊት፣ ከዳዊቱ መሐል ፎቶ።
አራት ወጣቶች፣ አንድ ፊት።
ሦስቱ አንገት ላይ ክብ ቀዳዳ፣ ጠርዙ የጠራ፣ እንደ ሳንቲም።

«አሰሳ በገባ ሌሊት፣ በጥፍር መቀስ።
የወንድሜ ጓደኞች ናቸው፤
ፊታቸው እኛ ቤት ከተገኘ አለቀላቸው።
የት ልጣላቸው? ዋጥኳቸው።
ሁለቱን በውሃ፣ አንዱን በደረቁ።
ወንድሜ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።
ይቺን አይተው ለዩት፤
እሱን ወሰዱ፣ ወረቀቱን መለሱልኝ።

ከሦስቱ አንዱ እስከ አምና
ራስ መኰንን ድልድይ አጠገብ ሱቅ ነበረው።
ስኳር ሲመዝንልኝ ቀና ብዬ አየው ነበር፤
ሆዴ ውስጥ ያደረ ፊት።»

ዝም አልን። ውጪ መዶሻ ግንብ ይወግራል።
ፎቶውን በሁለቱ ብርጭቆ መሐል አኖሩት።
«የጀመርኩትን ጨርስልኝ» አሉ። «እሱንም አውጣው።»
ሃምሳ ብር ቀብድ ቆጥረው፣ «ቅዳሜ» ብለው ወጡ።

ቅዳሜ ሦስቴ መጣ።
ምላጩ አዲስ ነው፤ ከነልባሱ ተቀምጧል።
ሻይ ባነሣሁ ቁጥር
ክሩን ሁለቴ አያለሁ።