አሥራ አንዱ ቅፅ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ ባጃጅ ከሚዞርበት፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ቆርቆሮ የሆነች ቤት፤
ዘጠኝ ልጅ፣ አንድ እኔ፣ አንድ የብረት ሣጥን፣
ልጆቹ መሬት ላይ፣ ፋይሉ በሥልጣን።

ለበፀጋው ብቻ አሥራ አንድ ቅፅ ሞላሁ፣
ሦስት ሦስት ኮፒ፣ ካርቦን እየበላሁ፤
ስም እስከ አያት። ወረዳ። የቤት ቁጥር።
«የጉዳቱ ዓይነት» ይላል አንደኛው፤
«የጉዳቱ ዝርዝር» ይላል አራተኛው፤
ሰባተኛው ደግሞ፣ እንዳልሰማ ሆኖ፣
«ጉዳት አለው ወይ?»

እናቱ ትርንጎ፣ ባሬላዋን ጥላ፣
ለአንዲት ክብ ማኅተም የቀን ሒሳብ ከፍላ፣
ወረዳ ስትደርስ፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ።»
በነጋውም ሄደች፤ ነገም አለው ነገ።
ቅፁ ሞላ በቃ፤ ልጁ ግን ጎደለ፣
ሁለት ወር ቀረብኝ፤ «ሂደት ላይ ነው» ተባለ።

እኔስ?
«ትምህርት ተሰጥቷል» በሚል ሣጥን ውስጥ ራይት አድርጌያለሁ፤
በዚያው ሰዓት፣ ለዚያው ራይት ብዬ፣
ስሙን በነጥብ ሳላስይዘው ቀርቻለሁ።

ሚያዝያ ላይ አቶ ሽመክት ከክፍለ ከተማ መጡ፤
አንድ ገፅ ይዘዋል።
«ለአስኮም ይኸው፣ ለአቃቂም ይኸው፤ ሌላው ቀርቷል» አሉ።
አላመንኩም። ጀርባውን ገለበጥኩት። ባዶ ነው።
መሐል ላይ «ልጁ ምን ይችላል?» የሚል መስመር አለው፤
ከአሥራ አንዱ አንዱ እንኳ ይህን አልጠየቀው።

ጻፍኩ፦ የሰፈሩን ባጃጆች በሞተራቸው ድምፅ ይለያል።
ማኅተሙ የተመታው በዚያው ቀን ነው።

ሰኞ በፀጋው መጣ።
የብሬይል ወረቀት ካለቀብን ዓመት አልፎታል፤
ሣጥኑን ከፈትኩ።
ያ ሁሉ ክላሰር! ወፍራም ማኒላ፣
መርፌ የማይቀደው፣ ነጥብ የሚይዝ፣
ስንት ዘመን የልጁን ጉዳት ታቅፎ የተኛ።
ሽፋኑን በመቀስ ቆረጥኩ፤
ስሌቱ ላይ ወጥሬ ስታይለሱን አስያዝኩት።

ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። ከቀኝ ወደ ግራ፣
ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ አውጥቶ፤
ውጭ የሲሚንቶ መኪና ሲያልፍ ቆም አለ፣ ቀጠለ።
ገለበጥንና ጣቱን አስቀመጥኩለት።
ስለ እሱ በተጻፈበት ክላሰር ላይ
መጀመሪያ ያነበበው የራሱን ስም ነው።

«ቲቸር፣ ነጥቤ ስንት ነው?»
«ዳስሰህ ቁጠረው።»
ቀስ ብሎ ቆጠረ፤ ተሳሳተ፤ እንደገና።
«ሃያ ሦስት» አለ፤
«ከስንት?»