የባለቤት ዓምድ

ሐምሌ ነው በሶሃር፤ የባሕሩ ወበቅ
መስታወቱን ከውጭ በላብ ሲያጠምቅ፣
እኛ ውስጥ በብርድ፣ ሹራብ ደርበን፣
በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን
«የዩኒቨርሲቲው የመረጃ ስልት፣
ረቂቅ አራት» ላይ ስንሟገትበት፣

ኸልፋን ከሬጅስትራር የተማሪን ቁጥር
አሥራ አንድ ሺህ ይላል፣ ምሎ ሲናገር።
ቢጁ ከሒሳብ ክፍል፦ «እኔ የማውቃቸው
ዘጠኝ ሺህ ናቸው፣ ደረሰኝ ያላቸው።»
ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሟቹንም ቆጥሮ፣
መጽሐፍ ያልመለሰ ምሩቁን ጨምሮ፣
አሥራ አራት ሺህ አለ።
ዶክተር ሙና ሳቀች፦
«አንድ ግቢ ነን እኮ፣ ሦስት ሕዝብ ሆንን» አለች።

ወደ እኔም ዞረች። ቅጹን የሠራሁት፣
በየሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ የጨመርሁት
እኔ ነኝ። ዓምዱም «ባለቤት» ይላል፤
መዝገብ ሲሳሳት የማን በር ይንኳኳል?
ማን ያያል? ማን ያርማል? ማንስ ይጠየቃል?

(በእኛ አማርኛ ግን ቃሉ ጣጣ አለው፦
ባለቤት ሚስት ናት፣ ባለቤት ባል ነው፣
በሰዋስው ደግሞ
ግሡ ቀና ብሎ የሚታዘዘው።
ይኼን ለጉባኤው አልተረጎምሁትም፤
ለቃለ ጉባኤ አይመችም።)

ማታ ሦስተኛ ፎቅ ብቻዬን ቀረሁ።
«ማጽዳት» ነው የምንለው፤ ሥራውን ጀመርሁ፦
መንታውን ማዋሐድ፣ ጎደሎውን መሙላት፣
አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ስም፣ አንድ ልደት።
ከሠራተኛ መዝገብ ሦስት ሰው መጣልኝ፤
የሦስቱም ፊት አንድ። «ላዋሕድ?» አለኝ።

ሐሊማ አሕመድ፤ ከጽዳት ተቋራጩ፤ ልደት፣ ዘጠና።
ሀሊመት አህመት፤ ከበር ካርዱ፤ ልደት፣ ባዶ ነው ገና።
ሦስተኛዋ ከክሊኒክ፦ ተንጉድ ዮምር።
ፓስፖርት የላት፣ ውል የላት፣ የላት መለያ ቁጥር።
ከጎኗ በቀይ ቀለም ማሽኑ የጻፈው፦
«ባለቤት አልባ መዝገብ። መሰረዝ ያለበት ነው።»

ባልዲ ተንኳኳ ከኋላዬ። ዞር አልሁ።
ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት በሩ ላይ አየሁ።

«ውይ! እኔ ነኝ!» አለች፣ መወልወያውን ይዛ ቀረበች፤
«ሐሊማን ደላላው ነው ያወጣልኝ» አለች፣
«ከስድስት ዓመት ምርቃት ጋር።» ጣቷን ዘረጋች፦
«ይቺ ግን፣ ትኩሳት ይዞኝ የወደቅሁ ዕለት
ነርሷ ስምሽ ማነው ስትል አመለጠኝ ድንገት።
ታንጉት ይመር።
የደላንታዋ።»

ማቀዝቀዣው ብቻ ለብቻው ያጉረመርማል።
«ታዲያ የቷ ትቀራለች?»
ደንቡን እኔ ነኝ የጻፍሁት፤ ደንቡ ግልጽ ይላል፦
ፓስፖርት ያለው ይጸናል፣ የሌለው ይሰረዛል።
እውነቱን ባሰፍርላት ቪዛዋ ይፈርሳል።
ባጠፋትስ?

«ብሞት» አለች እንደ ዋዛ፣ ጨርቁን እየጨመቀች፣
«ሐሊማን ለማን ይልካሉ? እናቴ ታንጉትን ነው የወለደች።»
ቀጥላም፦ «እስቲ እግርህን አንሳልኝ።»
አነሳሁ። ከሥሬ ወልውላ አለፈችኝ።

ጠዋት፣ ረቂቅ አምስት፣ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ
«የመዝገብ ባለቤት የተጻፈበት ሰው ነው» አልሁ።
ኸልፋን በቀይ ከበበው፦ «ለሕግ ክፍል ይታይ።»
ቢጁ ጠየቀ፦ «ወጪውን የሚሸፍነው ማነው?»
ሙና ምንም አላለች፤ ብቻ ሁለቴ አነበበችው።

መዝገቧን? «ይዋሐድ» አላልሁም።
«ይሰረዝ»ም አላልሁም።
«ይቆይ» የሚል ሦስተኛ ቁልፍ አለ፣ ማንም የማይነካው።
ነካሁት።
ሰባት ቀን ይሰጣል።
ዛሬ አራተኛው ነው።