በእግር እስከ ጎተራ

እሑድ ማለዳ ነው፤ ካፊያው አላባራ፣
ከለገሃር አጥር ጥግ ቆሞ አለ ጋሽ ቡሽራ።
ኮቱ እስከ አንገቱ፣ ጃንጥላው በብብቱ፣
«ዘገየሽ» አለኝ፤ ሦስት ደቂቃ ማለቱ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊሽካ የነፋ ሰው፣
ደቂቃን እንደ ሳንቲም ነው የሚቆጥረው።

አንበሳው በጀርባችን ዘውዱን እንደ ደፋ፣
ቢጫው ጣቢያ በሩን ዘግቶ ከዝናብ ሲጋፋ፣
ከላያችን በድልድዩ አዲሱ ባቡር ተንሿለለ።
ጋሽ ቡሽራ ቀና አላለም፤ «እሱ ትራም ነው» አለ።

ከዚያ ገባን ወደ ሐዲዱ፣
በግራ ያላለቀ ፎቅ፣ በቀኝ ቆርቆሮ፣ መሃል ጠባብ መንገዱ፣
ሰንበሌጥ የዋጠው፣ ጤዛ ያረገዘ፣
ከተማው የረሳው ሜዳ፣ እንደ ወንዝ የተጓዘ።
ማን ያምናል፣ ከስታዲየም ጩኸት በጥይት ርቀት ላይ
እንዲህ ያለ ዝምታ፣ እንዲህ ያለ ሰማይ?
ጉሙ ከሣሩ ተነሥቶ ጉልበታችን ጋ ሲደርስ
አንዲት ጊደር ቀና ብላ አየችን፣ ግጦሿን ልትጨርስ
ተመለሰች።

ትራቨርሳው ለሰው እግር ተለክቶ አልተሠራ፤
አንድ ባንድ ሲረግጡት አጭር፣ ሁለት ቢዘሉ መከራ።
«ልክ የለውም» አልኩት።
«አለው» አለኝ ጋሽ ቡሽራ፣
«ለሚሮጥ ነው ልኩ። አንድ ሌሊት ሮጬበታለሁ፣
ፍሬኑ የላላ ፉርጎ ቁልቁል ሲያመልጠኝ አይቼ፣
ሽንኩርት የጫነ ፉርጎ፣ ጫማዬን ትቼ።»
«ደረስክበት?»
«ሽንኩርቱ ቀደመኝ» አለ፣ እንደ ትናንት ተቆጥቶ።

መሿለኪያ ስንደርስ ከላይ ቆመን ቁልቁል አየን
ሰው በሥራችን ሲሽሎከሎክ። ስሙን የሰጠው ድልድይ ላይ ነን፤
ማን አየን?

በቅሎ ቤት ጥግ ጥጉን ፀሐይ ብቅ ስትል
እቴነሽ የምትባል ሴት ሐዲዱን በብርድ ልብስ ስትከልል፣
«ብረቱ ቶሎ ይሞቃል» አለችን፣ የሕፃን ካልሲ እየጨመቀች።
«ባቡር ሲመጣስ?» አልኳት። ሳቀች።
«ባቡር እያለ ሰዓት ምን ያደርጋል?
ስድስት ተኩል ሲያልፍ ሽሮዬ ይወርዳል።
እሱ ከቀረ ወዲህ ነው እንጂ፣ ልጄ፣
ስንት ድስት አረረ በዚህ በእጄ!»
ጋሽ ቡሽራ ባርኔጣውን አወለቀ፣
እንደ በደለኛ፣ «ይቅርታ» አለና ራቀ።

ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም።
መሃሉ ላይ እንደ ተተወ ነገር፣ አስፋልት ገብቶ ተቆረጠ።
«ወዴት ናችሁ?» አለ ዘበኛው፣ በቆሎ እየጋጠ።
«ድሬ ነን» አለ ጋሽ ቡሽራ።
ዘበኛው አሰበ፤ አጥሩን አየ፤ ጥቂት ዝም አለ፤
«እሑድ ዝግ ነው» አለን፣ በቆሎውን ቀጠለ።

አጥሩን ዞረን፣ ጭቃ ተሻግረን፣ ከጎተራ ማሳለጫ በታች
ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣ እግሬ ዝላለች።
በጋዜጣ የጠቀለለውን ሙሽበክ ለሁለት ገመሰ፤
ጣቱ ላይ የቀረውን ማር በምላሱ እየላሰ
«አባትሽ አሳያት ብሎኝ ነበር» አለ፣ «ከዘገየሁ ዓመት አለፈ፣»
ከዚያም የጣቢያዎቹን ስም እንደ ዳዊት አነበነበ፣ አሳለፈ፤
ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ሞጆ፣
ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ
እያለ፣ እያለ፣
አፍደም ላይ ቆመ።
«ውሃ እንሞላለን» አለኝ።
እኔም ጠበቅሁት፣ ዝም ብዬ።
ከላያችን መኪና በመኪና ላይ ሲጠመዘዝ
ሦስት ደቂቃ አለፈ፣
አልቆጠረውም።
ከአፍደም አልተንቀሳቀሰም።

ስንመለስ በታክሲ ነው፤ ቀን ሙሉ የለፋንበት
በሩብ ሰዓት ታጥፎ እንደ ነጠላ፣ በመስኮት አየነው ሲያልፍበት።
ጋሽ ቡሽራ ሒሳቡን ከፍሎ እጁን ዘርግቶ ቆየ።
«ምን ጎደለ አባባ?»
«ቲኬቴ።»
ረዳቱ ሾፌሩን አየ፤
ሾፌሩ መንገዱን አየ።

ከዚያ ያ ልጅ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣
ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣ ለመንገዱ ሁሉ፣ ለማንም፣
«ለገሃር! አንድ ሰው የቀረው!
ለገሃር! ለገሃር!
አንድ ሰው!»