አሥራ ስድስት ገጽ

ከቧንቧ ውኃ ወረድ ብሎ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣
ጋሽ አሊጋዝ ነበር መጽሐፍ የሚያከራየን።
ለቀን አሥር ሳንቲም፤
መያዣ የሌለው ቀበቶውን ፈትቶ፣
አንድ እጁ ሱሪው ላይ፣ አንድ እጁ ሌላ ዓለም ላይ፣
ዳገቱን ይወጣል በደሴ ጉም ጠፍቶ።

እኔ የያዝኩት ሽፋን አልነበረውም፤
"ባለ ሁለት ፀሐዩ" እንለዋለን እንጂ ስሙን አናውቅም።
ዘመኑ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣
ሰው ከጨረቃ ወዲያ ጎጆ የወጣበት፤
እኛ ገና ሰማንያ ላይ፣ በቀበሌ ሱቅ በር፣
ለስኳር ተሰልፈን እናነበው ነበር።

ኅዳጉ ላይ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ አለ።
በእርሳስ፦ "ይሄን መካኒክ አትመኑት!"
ከሥሩ፦ "አፍህን ዝጋ፣ ገና አልደረስንበት።"
በቀይ ቢክ፣ ቀጥ ባለ፣ በተማረ እጅ፦
"አየሩ አይበቃቸውም። አስልቼዋለሁ።"
እኔም አሰላሁት።
አይበቃም።
ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ
ላልተፈጠሩ ሰዎች ትንፋሽ ተጨንቄ።

ማን እንደ ጻፈው እስካሁን አላውቅም።
ፒያሳ ስመላለስ ፊት አላይም ነበር፤
ጣት ነበር የማየው፣
ቀይ ቀለም የነካው።

መጨረሻው የለም። አሥራ ስድስት ገጽ ጎድሏል።
"በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ካፒቴኗም"
ይላል፤ አለቀ።
ካፒቴኗም ምን?
ወረደች? አለቀሰች? መሬቱን ሳመች?
ጋሽ አሊጋዝን ብጠይቀው ሳቀብኝ፦
"ያለቀለት ነገር ማን ይከራያል፣ ልጄ?"

ሁለት ሺህ በገባ ሌሊት ጣራ ላይ ወጣሁ።
ርችት ነበር፣ ጭፈራ ነበር፣ የጎረቤት ድመት ነበረች።
ጦሳ እንደ ወትሮው ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል።
ሰው ያለፈውን ይናፍቃል፤
እኔ የቀረብኝን።

ዛሬ አስተማሪ ነኝ፣ አሥራ አንደኛ "መ"።
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ።
ፉአድ ከኋላ፦ "ቲቸር፣ ወለድ ሐራም አይደል እንዴ?"
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
"ይሄኛው" አልኩት "ልብ የወለደው ነው፤ ብድር የለበትም።"

ሕጉን ነገርኳቸው፦
አንድ ውሸት ብቻ ይፈቀድላችኋል።
ጦሳ በሌሊት ይራመዳል በሉ፣ ግድ የለም፤
ከዚያ በኋላ ግን የታክሲው ሂሳብ እውነት ይሁን፣
ጭቃው እውነት ይሁን፣
ጠዋት ተራራው ቦታው ላይ ሲታጣ
የእናታችሁ ንግግር እውነት ይሁን።

ከዚያ ያቺን ቃል ሰጠኋቸው፣
"ካፒቴኗም"። ጨርሱልኝ።

ኪሩቤል ሰኞ ገበያ አወረዳት፤
ቆራሌው መርከቧን አንኳኩቶ በኪሎ ስንት ትያታለሽ አላት።
አንዷ በስልኳ የተሠራ ፊልም ገልብጣ አመጣች፤
እሷም የዋዛ አይደለች፣ ስሙን ቀይራለች።
ኢክራም ግን አራት መስመር፦
"ካፒቴኗም ቤቷ ገባች።
አንዷ ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላዋ ወጣች።
እኅቷ እስኪነጋ አጠናች።
መብራት አልጠፋም።"
የመጨረሻዋን አስምራበታለች፤
ከሥሩ በትንሹ፦ "ቲቸር፣ ውሸቱ ይሄ ነው።"

አሥር ከአሥር ሰጠኋት።
ፉአድ ምንም አልጻፈም። "ገጾቹ የት እንደሄዱ አውቃለሁ" አለኝ፣
"ቆሎ ተጠቅልሎባቸዋል።"

ማታ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣
የአምስት ብር ቆሎ ገዛሁ። አፈርኩ፣ ግን ፈታሁት፤
ከመብራቱ ሥር አስጠግቼ አየሁት።
የሂሳብ ፈተና ነው፦
"አንድ አውቶቡስ ከኮምቦልቻ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ቢነሣ…"
ልጁ ሁለት መስመር ሄዶ ትቶታል።
ጎኑ ላይ፣ በቀይ ቢክ፣ ቀጥ ባለ እጅ፦
"አልጨረስክም።"

ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩ።
ቆሎውን እየቆረጠምኩ
ዳገቱን ተያያዝኩት።