ባለ ማተብ ፖም

ክረምት የሚለውን ቃል በጉያዬ ይዤ፣
ዝናብ እንዳዘልኩኝ ባሕር ተጉዤ፣
ኤልቤ ዳር ደረስኩ በብርድ ደንዝዤ።
እዚህ ክረምት ማለት ሌላ ነው ትርጉሙ፤
ዘር አይዘራበትም፤ ዛፎች እንደቆሙ
እርቃናቸውን ነው ፍሬ የሚያልሙ።
አበባም ቀጠሮው ከመስከረም ርቆ፣
ሚያዝያ ላይ ይመጣል፣ ሕማማት ጠብቆ፣
በስግደታችን መሐል ከግንዱ ፈንድቆ።

ቪብከ ዘንድሮ ሰማንያ አንድ ሞላት፤
በሽታይንኪርኸን፣ ከግድቡ ሥር ቤት አላት፤
ከፖም ዛፎች በቀር ሌላ ዘመድ የላት።
ባሏ የተከለው ሰባት መቶ ግንድ፣
እንደ ልጅ ስም ሰጥታ ታውቀዋለች አንድ በአንድ።
እኔ ቅጥረኛዋ፣ መሰላል አቅራቢ፣
ቅርንጫፍ ቆራጭዋ፣ የወደቀ ሰብሳቢ፣
ቋንቋዋን ሳላውቀው የፊቷ አንባቢ።

የሕማማት ረቡዕ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣
የውርጭ መለኪያው ደወል ቀሰቀሳት፤
በሬን በከዘራ ሦስቴ ደበደበች፤
«ተነሥ! አበባዬ ሊሞት ነው» እያለች።
ወጣሁ። ነፋስ የለም። ጨረቃዋ ሙሉ።
ነጭ ለብሶ ቆሟል አበባው በሙሉ፤
ለሠርግ እንጂ ለሞት አይመስልም መኳሉ።
እንጨት ሰበሰብኩኝ፣ እሳት መስሎኝ መላው፤
እሷ ግን ውሃውን ከላይ ለቀቀችው።
በሚሞት ሕፃን ላይ በረዶ እንደ ማፍሰስ!
ጨከነች አልኩኝ፣ አንጀቴ እስኪላወስ።
ጠብታው እንዳረፈ መስተዋት ሆነና፣
እያንዳንዱ እንቡጥ ታሰረ እንደገና፤
ቅርንጫፉም ከብዶት ጎበጠ ወደ ታች፤
«ቆይ» አለችኝ ቪብከ፤ ሌላ ቃል አላለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነው ጸሎቴ፦
«ብርዱን አንሣው» ብቻ፣ «አርቀው ከቤቴ»።
የሄደችው ሚስቴ፣ ያልመጣው ወረቀት፣
አፈር ሳልመልስ የተቀበረው አባት፣
ሁሉም በእኔ አፍ ላይ «ብርድ» ተብሎ ይጠራል፤
ሰማዩም ዝም ብሎ ውሃ ይጨምርበታል።
ከላይ የሚወርደው መልስ አይመስለኝም ነበር።

ነጋ። ከወንዙ ማዶ ፀሐይ ብቅ ስትል፣
በረዶው ጀመረ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ ሊል፤
ቪብከ በጥፍሯ አንዱን ልጣ ስታሳየኝ፣
ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ሕይወቱን አየሁኝ።
«ውሃ ሲረጋ ነው ሙቀቱን የሚለቅ፤
ካባ ነው» አለችኝ፣ «ከሞት የሚጠብቅ።
እስኪቀልጥ ድረስ ግን ማቋረጥ የለም፤
ቧንቧው መሐል ቢቆም አንዱም አይተርፍም።»
ቃሏን እንደ ወንጌል አልሳምኩትም ያኔ፤
ደክሞኝ፣ እርጥብ ሆኜ፣ ተኛሁ በጎኔ።

አበባው ረገፈ፤ ፍሬው እንደ ሽንብራ
በየቅርንጫፉ ብቅ አለ በተራ፤
ሐምሌ መጣ፣ ሄደ፤ ሌሊቱን ረሳሁት፤
ሰው ነኝና እኔም፣ የዳንኩበትን ተውኩት።

በእኛ አቆጣጠር መስከረም ሲጠባ፣
ፖሙ ቀላ እዚህ፤ መኪናው ግቢ ገባ።
ቪብከ ወንበር ላይ ጉልበቷን ጠቅልላ፣
መሰላል መውጣቱን ለእኔ ሰጥታ ኋላ፣
ቅርጫት ትቆጥራለች፤ ሲጠፋባት ቁጥሩ፣
«ሂንሪኽ ያውቀዋል» ትላለች፣ ቆሞ እንዳለ በበሩ።

ያን ሌሊት ካለፉት አንዳንዶቹ ፍሬዎች
አንገታቸው ዙሪያ ቡናማ ክር ይዘዋል፤
ውርጩ ጽፎባቸው፣ ካባው ግን አድኗል።
ነጋዴው ጣላቸው፦ «ጠባሳ ነው፤ አልወስድም»፤
በገበያ ዓይን ውርጭ ያየ አይወደድም።
አንዱን አነሣሁት፤ በሸሚዜ ወለወልኩት፤
ክሩን በጣቴ ዞርኩት፤ የአንገቴን ነካሁት።
ማተብ ነው።
በአርባ ቀኔ፣ በውሃ፣ አልቅሼ የታሰረ
ዓይነቱ ነው እንጂ፣ መች ጠባሳ ነበረ?

ግማሹን ቆረስኩላት፤ በድዷ መጠጠች፤
ወንዙን እያየች ብዙ ዝም አለች፤
ከኪሷ ፈልጋ አንድ ቁልፍ አወጣች፤
የቧንቧው ነው፤ ዝጓል፤ በመዳፌ አኖረች።