አርባ አራት አሥራ ሰባት

ፖስተኛ ነኝ እኔ፣ ሸሪደን ከተማ፤
የማን ጓዳ ምን እንደጎደለው ቀድሜ የምሰማ።
የኦርቪል ታገርት ጥቅል ከሁሉም ይከብዳል፤
መዳፍ የሚያህል ሳጥን ትከሻ ያጎብጣል።
አንድ ቀን ብሎን ነው፣ አንድ ቀን ሞላ ነው፣
አንድ ቀን ምላጭ ነው፣ ዝገት የበላው።
ሲፈርም እጁ ዘይት ዘይት ይሸታል፤
«ግባ እንጂ» ይለኛል፣ «ዛሬ ፀሐይ አለች፣ ማኅተሙ ይታያል።»

በቀይ ከፋይ ላይ ተጋድመው በተራ፣
ስድስት ጎራሾች፣ የፈረሰኛ ጦር፣ የድሮ እጅ ሥራ፤
ባሩድ ከቀመሱ ስንት ዘመናቸው፣
ዛሬም አልገጠሙም፣ ክፍት ነው አፋቸው።
ማን ማንን ገደለ፣ ማን ሜዳ ላይ ቀረ፣
ኦርቪል አያወራም፤ «ብረቱ» ይለኛል «መቼ ተናገረ?»
የሚያወራው ቁጥር ነው፤ ደግሞም ሁለት ፊደል፣
ከእጀታው እንጨት ላይ፣ ከክቡ መካከል፣
የመርማሪው ምልክት፣
ጣት ሲዳብሰው ያለ፣ ዓይን ሲያሳድደው የሚኮበልል።

አንደኛው ግን፣ ከመስኮቱ ጥግ ያለው፣
አካሉ «አርባ አራት አሥራ ሰባት» ሲል ከበሮው ሌላ የሚለው፣
ዘጠና ሠላሳ ሁለት።
ድሮ፣ ዘመቻው ሲያበቃ፣ ግምጃ ቤት ሰብስቧቸው፣
ረጅሙን አፈሙዝ ቆርጦ፣ ፈታትቶ አጥቧቸው፣
ሲገጥማቸው ጊዜ
ማን የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸው።
«የእንጀራ ልጅ ነው» ይላል ኦርቪል ከበሮውን።
ሃያ ሁለት ዓመት ፈለገ የአብራኩን።
ሚስቱ ሎሬታ የሞተች ሰሞን፣
የሐዘን ደብዳቤ ተሸክሜ ስመጣ፣
ከመሐሉ አንድ የነጋዴ ካታሎግ ወጣ፤
ቀድሞ እሱን ከፈተ።
አይቼ እንዳላየሁ ፊቴን አዞርኩለት።

መጋቢት ላይ ስልክ ተደወለ፣
ቡፋሎ ከተማ፣ ኮርቻ ከምትሰፋ ሴት፣ ዶርቲያ ክሌምሰን ከተባለች።
ዓይኑ ደክሟልና እኔ ነዳሁለት፤
ሽጉጡን በፎጣ፣ ጭኑ ላይ አድርጎት፣
አንድም ቃል ሳይወጣው።
ቤቷ ጠፍር ጠፍር ይላል። ከጠረጴዛው ላይ
ጥቁር ብረት ቆሟል፣ ባለ ስድስት ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው ወስፌ።
ገለበጠችለት።
አርባ አራት አሥራ ሰባት።

«ሁለት ሺህ ዶላር» አለ፣ ድምፁ ሰለለና።
«ወስፌዎቼስ የት ይግቡ?» አለች ቀና ብላ፣ ደግሞ አቀረቀረችና፤
«አባቴ ከአጥር ሥር አግኝቶት ነው፤ ስፌት ሲያስተምረኝ እዚሁ ነበር።
አልሸጥም። መሞከሩን ግን ይሞከር።»

ወስፌዎቹን ነቅላ አንድ በአንድ ደረደረች።
ኦርቪል ዘንጉን ሳበ። የእንጀራ ልጁን አወጣ፣
የአብራኩን ክፋይ ከተተ።
ቃታውን ወደ ኋላ፦ ቀጭ።
ደገመው፦ ቀጭ።
ሦስተኛው ላይ፣ ግማሽ መንገድ፣ ቆመ፤
ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየም።
ስንት ዘመን ሙሉ ሌላውን ሲያዞር የኖረ ጥርስ
በሌላው ልክ ተበልቶ፣ በሌላው ልክ ተሞርዶ፣
የራሱን ረስቷል።
ቁጥሩ ገጠመ፤
ብረቱ አልገጠመም።

ልቡ ቀጥ ያለ መስሎኝ ክንዱን ልይዘው ስል
ሳቀ፣ ሳል የተቀላቀለው ሳቅ፣
እንባው እስኪመጣ።
ወስፌዎቹን ራሱ መለሳት ከየቤታቸው፤
አንዱን አሳሳተ፤ «እዚያ አይደለም» አለች፣ ነጥቃ አስተካከለችው።

ማታ ከመዝገቡ ካርዱን አወጣና
«የጎደለ፦ ከበሮ» የሚለውን መስመር በእርሳስ ሰረዘ።
ዘጠና ሠላሳ ሁለትን ዘይት ቀባው፣ መልሶ ሰካው፤
እስከ ስድስት ድረስ ቀስ ብሎ አዞረው፤
ስድስቱም ተቀመጡ፣ ማንም ሳይገፋቸው።

ከዚያ ወዲህ ጥቅሉ ቀለለ።
ባለፈው ማክሰኞ ግን አንድ ከቡፋሎ አለ፤
የቆዳ አፎት ነው፣ በእጅ የተሰፋ፣
ከውስጥ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ወስፌ የወጋው ቁጥር፦
ዘጠና ሠላሳ ሁለት።
ለካ ጠረጴዛዋ ላይ ለደቂቃ ሲያርፍ
አንብባው ኖሯል።
ኦርቪል ቆዳውን አሸተተው፤
በሩ ላይ ረስቶኝ ገባ፣
ሳይፈርም።
እኔው ፈረምኩለት።